ብርን ወደ ብረት፦ የድሬዳዋ ባጃጅ ሒሳብ

ደመወዙን ትቶ ባጃጅ የሚገዛ ሰው አስቦበት ነው ወይስ ተሞኝቶ? ድሬ ላይ ከከዚራ እስከ መጋላ የማያከራክር ጥያቄ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ያሰላል፤ የሚሳሳተው ሳይቆጥር በሚያልፈው ነገር ነው።

ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፣ የራሳችሁን ተኩባቸው። ባጃጁ በ600,000 ብር ተገዛ እንበል። ሹፌሩ ለባለቤቱ በቀን ቁርጥ 700 ብር ገቢ ያስገባል፣ በወር 26 ቀን ይሠራል፤ በዓመት 218,400 ይሆናል። ለጎማ፣ ለጥገና፣ ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ለቦሎና ለግብር 60,000 ሲነሳ 158,400 ይቀራል። አብዛኛው ሰው "አራት ዓመት ሳይሞላ ዋጋውን ይመልሳል" ብሎ እዚህ ላይ ያቆማል። ብረት ግን ያረጃል። ከአምስት ዓመት በኋላ በ250,000 ቢሸጥ በየዓመቱ 70,000 ብር ተበልቷል፤ የቀረው 88,400 ነው። ያው ገንዘብ በ7 በመቶ ባንክ ቢቀመጥ 42,000 ያስገኝ ነበር። እንግዲህ ለስጋቱና ለጭቅጭቁ የተከፈለው ዋጋ 46,400 ብር፣ በወር ከ4,000 በታች ነው።

ታዲያ ለምን ይገዛል? ብር ስለሚረክስ ነዋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ የሆነውን ሁሉም አይቷል። ስለዚህ ብሩን ብረት ላይ ማስቀመጥ በራሱ ጅልነት አይደለም። ስህተቱ ሲሸጥ ይመጣል፦ በ300 ሺህ ገዝቶ በ350 ሺህ የሸጠ "50 ሺህ አተረፍኩ" ይላል፤ ተመሳሳዩን ልግዛ ሲል ግን ብሩ አይደርስም።

ራሱ የሚነዳው ደግሞ የጉልበቱን ዋጋ ከትርፍ ጋር ይደባልቃል። ማታ ኪሱ ከገባው ላይ፣ ሹፌር ቢቀጥር ኖሮ ሹፌሩ የሚወስደውን ድርሻ መቀነስ አለበት። ሰዓቱም ያሳስታል። ጠዋት የቀፊራ ገበያ ሲደራ በሁለት ሰዓት የተገኘውን አባዝቶ የቀን ገቢ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ድሬ ግን ከቀትር በኋላ ትተኛለች። ሙቀቱ አለ፣ በርጫው አለ፣ ሱቁ ይዘጋል፤ ተሳፋሪ የሚመለሰው ፀሐይ ስትበርድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የኢኮኖሚ ተመራማሪው ኮሊን ካመረርና ባልደረቦቹ የኒውዮርክ ታክሲ ነጂዎች ለቀኑ ያሰቡት ሲሞላ እንደሚያቆሙ፣ ስለዚህም ሥራ በደራ ቀን ቀድመው እንደሚገቡ ጽፈው ነበር። ሌላው የኢኮኖሚ ተመራማሪ ሄንሪ ፋርበር በኋላ በሰፊ መረጃ ተከራክሯቸዋል። የእኛ ሹፌር "ገቢ ሞላ" ብሎ ሲገባ ሰነፍ ነው ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ገቢውንና ነዳጁን ከከፈለ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የራሱ ነውና፣ በዓል ዋዜማና ደመወዝ ሰሞን ቆይቶ፣ በሞተ ቀን ቀድሞ ቢገባ ይሻለዋል። ለባለቤቱ ያለኝ ምክር አንድ ነው፦ የሞተር ዘይቱን ራስህ ግዛ፣ ራስህ አስቀይር። ገቢ የሚቆርጥ ሹፌር ለነገ ሞተር የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም።

ደመወዝ መልቀቅ ላይ የሚረሳው ደግሞ ዋስ መሆን ነው። ደመወዝተኛ ለብድርም ለእቁብም ዋስ ይሆናል፤ ሥራውን በለቀቀ ማግሥት ይህ ይቀራል። ስለዚህ "ትንሿን ደመወዜን አልለቅም" የሚለውን ሰው ፈሪ ለማለት አልቸኩልም።

ግዢው በእቁብ ከሆነ ዕጣው የሚወጣበት ጊዜ ዋናው ነው። 20 ሰው በየሳምንቱ 10,000 ቢጥል መጀመሪያ የወጣለት 200,000 ይወስዳል፣ ከራሱ 10,000 ሌላ 190,000 ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ያለ ወለድ አበደረ፣ ያውም በረከሰ ብር ይመለስለታል። ቀድሞ የደረሰው ግን 19 ሳምንት ይቀረዋል። ለመጀመሪያው ብልሽት ሳያስቀር ሙሉውን ባጃጁ ላይ ካዋለው፣ ሞተር የወረደ ሳምንት እቁቡ አይጠብቅም፤ ዳኛው ቀጥታ ወደ ዋሱ ይሄዳል።