ጎሚኒውን ከመቀየራችሁ በፊት፦ የሚያፈስ የካምፐር መጸዳጃ ስጠግን ያገኘሁት ልምድ

በቅርቡ ካምፐሬን፣ ማለትም መኝታና መጸዳጃ ያለውን የጉዞ መኪናዬን፣ ከደቡብ ጀርመን በተራራማው የብሬነር መተላለፊያ አሳልፌ ጣሊያን ደርሼ ስመለስ፣ የመጸዳጃው ካሴት የሚቀመጥበት ሳጥን ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረቅ ነበር። ያ ወለል ከዚህ በፊት ከተራራማ ጉዞ በኋላ ሁሉ እርጥብና ሽታ ያለው ሆኖ ይጠብቀኝ ስለነበር፣ ደረቅነቱን ያመንኩት በጓንት ደጋግሜ ከዳሰስኩት በኋላ ነው። ካምፐር ገዝታችሁ ወይም ለእረፍት ተከራይታችሁ ስለ መጸዳጃው የምትጠይቁኝ ወዳጆች እየበዛችሁ ስለመጣችሁ፣ የፍሳሹን ምንጭ ያገኘሁበትን መንገድ በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

አሠራሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ከመቀመጫው ሥር፣ በካምፐሩ የውጭ ግድግዳ ላይ ባለ ትንሽ በር በኩል የሚወጣ፣ በአብዛኛው ከ17 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ታንክ አለ፤ ካሴት የሚባለው እርሱ ነው። የመጸዳጃውን ሳሕንና ካሴቱን የሚለየው ተንሸራታች መዝጊያ ሲሆን፣ መዝጊያው ዙሪያውን ከንፈር ባለው ጎሚኒ ላይ ገጥሞ ስለሚያርፍ ፈሳሹም ሽታውም ወደ ላይ አይወጣም። ከዚህ ሌላ የመድፊያው አንገትና ክዳኑ፣ ካሴቱ ሲሞላ መብራት የሚያበራው ማግኔት ያለው ተንሳፋፊ፣ እንዲሁም በውስጥ የተጠራቀመውን ግፊት የሚለቅ ትንሽ ማስተንፈሻ አሉ። በአውሮፓ በብዛት የምናገኛቸው የቴትፎርድና የዶሜቲክ ሥሪቶች በዝርዝራቸው ቢለያዩም በዚህ መሠረታዊ አሠራር ይመሳሰላሉ።

የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ልለፋቸው። ካሴቱን ለዚሁ በተዘጋጀ ቦታ ብቻ መድፋት፣ ሲደፋ የአየር ቁልፉን ተጭኖ መያዝ፣ ለመጸዳጃው ሥራ የተለየ ጓንትና የተለየ የውሃ ቱቦ ማዘጋጀት፣ የመሙላቱን መብራት ችላ አለማለት፤ እነዚህን ማንም ሰው በመጀመሪያው ጉዞው ይማራቸዋል። የእኛ ሰው ለእረፍት ሲወጣ ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ስለሆነ ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ 18 ሊትር ለሁለት ሰው ጥቂት ቀናት ቢያቆይም፣ ስድስት ሰው ከተሳፈረ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም።

የእኔ ካሴት ፍሳሽ ግን ጊዜ መርጦ የሚመጣ ነበር። ካምፐሩ በአንድ ቦታ ቆሞ ስንጠቀምበት በሳጥኑ ወለል ላይ ጠብታ አይታይም፤ በሜዳ መንገድ ስንጓዝም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ዳገትና ጥምዝምዝ በሚበዛበት መንገድ ከነዳሁ በኋላ ግን ወለሉ ላይ ፈሳሽ ተጠራቅሞ አገኛለሁ። የጠየቅኋቸው ሁሉ፣ በካምፐር ጥገና የሚተዳደር ባለሙያም ጭምር፣ ካሴቱን ሳያዩ “ጎሚኒው አልቋል፤ ቀይረው” አሉኝ።

ጎሚኒው ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ መሆኑን አልክድም። በየሦስት ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር የሚመከረው ከንፈሩ በጊዜ ብዛት ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ነው፤ አንዳንዴም የወረቀት ቁራጭ ወይም የጠነከረ ዝቃጭ በመካከሉ ገብቶ መዝጊያው በደንብ እንዳይገጥም ያደርጋል። ነገር ግን ያለቀ ጎሚኒ ራሱን የሚያጋልጥበት ምልክት አለው፦ መዝጊያው ተዘግቶ ሳለ ሳሕኑ ውስጥ የተተወ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ካሴቱ ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ሳሕኑ ውስጥ ውሃ አፍስሼ ከፍታውን በፕላስተር ቁራጭ ምልክት አደረግሁበት፤ ጠዋት ሳየው ውሃው ከምልክቱ አልወረደም። ከዚያ በኋላ ጎሚኒ ግዛ የሚለኝን ሰው መስማት አቆምኩ። የሚፈሰው ፈሳሽ የትኛው እንደሆነና መቼ እንደሚወጣ ሳይታወቅ መለዋወጫ መግዛት ዕጣ ከመጣል አይለይም ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከብዙ ሰዎች ጋር ተከራክሬያለሁ፣ ወደፊትም እከራከራለሁ።

የትኛው ፈሳሽ ነው ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የጠቀመኝ መሣሪያ ለኬክ መቀቢያ የሚሸጠው የምግብ ቀለም ነው። በካሴቱ ሳጥን ውስጥ የሚገኝ ፈሳሽ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ አንደኛው ንጹሕ ውሃ የሚመጣበት መስመር ነው፤ ፓምፑ፣ የቱቦው መጋጠሚያ ወይም በክረምት ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ የሚሰነጥቀው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ሊያፈስ ይችላል። ሁለተኛው ሳሕኑ፣ ሦስተኛው ራሱ ካሴቱ ነው። ሦስቱን ለመለየት ካሴቱን ደፍቼ በደንብ ካጠብኩት በኋላ እስከ ግማሹ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ ቀይ ቀለም ጨመርኩበት፤ ሳሕኑ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ያለው ጥቂት ውሃ አስቀመጥኩ፤ የንጹሕ ውሃውን መስመር እንዳለ ተውኩት። ከዚያም የሳጥኑን ወለል ሙሉ በሙሉ አድርቄ በነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ሸፈንኩት፤ የካሴቱን የላይኛ ገጽም በተመሳሳይ ወረቀት አለበስኩት። ወረቀቱ ቀለም አልባ ሆኖ ከረጠበ ጥፋቱ የንጹሕ ውሃው ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ከሳሕኑ የወረደ ነው፤ ቀይ ከሆነ ደግሞ ካሴቱ ራሱ እያፈሰሰ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በታጠበ ካሴትና በንጹሕ ውሃ መሆኑ ሌላው ጥቅሙ ነው፤ ሽታውን ፈርቶ ምርመራውን ለሚያጣድፍ ሰው የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ካምፐሩን ዳገት ያለበት መንገድ ላይ ነድቼ ስመለስ የወለሉ ወረቀት ቀይ ነበር። ከዚህ በላይ የጠቀመኝ ግን በካሴቱ ላይ ያለበስኩት ወረቀት ነው፤ በጎሚኒው ዙሪያ ንጹሕ ሆኖ፣ በማስተንፈሻው ዙሪያ ብቻ ቀይ ክብ ሠርቶ ነበር። ለማረጋገጥ ካሴቱን አውጥቼ ሣር ላይ በየጎኑ አጋደልኩት። በመድፊያው ክዳን በኩል ምንም አልወጣም፤ ማስተንፈሻው ወዳለበት ጎን ስጋድለው ግን ቀዩ ውሃ ወዲያው መንጠባጠብ ጀመረ።

ፍሳሹ ለምን ቆመን ሳለ እንደማይታይም ከዚህ በኋላ ግልጽ ሆነልኝ። ካምፐሩ ሲቆም ፈሳሹ ከማስተንፈሻው በታች ስለሚሆን፣ ማስተንፈሻው በደንብ ባይዘጋ እንኳ የሚያልፍበት አየር ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዝና መንገዱ ሲጠመዘዝ ግን ፈሳሹ እየተላጋ እስከ ካሴቱ ጣሪያ ይደርሳል። በዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ ይጨመራል፦ በ250 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ወደ 980 ሄክቶፓስካል ሲሆን፣ 1,370 ሜትር በሆነው በብሬነር ላይ ወደ 860 ይወርዳል። ካሴቱ ታች ተዘግቶ ላይ ከደረሰ፣ ውስጡ የቀረው አየር ከውጭው በ120 ሄክቶፓስካል ገደማ ይበልጣል ማለት ነው፤ ይህ ልዩነት ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ መዝጊያ ላይ ከ9 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ያለው ግፊት ያሳርፋል። ፀሐይ ካሴቱን ስታሞቀውና ቆሻሻው ሲብላላ የሚፈጠረው ጋዝም በዚሁ ላይ ይደመራል። ማስተንፈሻው የተሠራው ይህን ግፊት እንዲለቅ ነው፤ የሚለቀው በትክክለኛው ሰዓት ካልሆነ ግን፣ ማዕበሉ በደረሰበት ቅጽበት ግፊቱ አየሩን ትቶ ፈሳሹን ያስወጣል። ተራራ ላይ ወጥታችሁ መጸዳጃውን ስትከፍቱ “እፍ” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ወደ ፊታችሁ ከረጨባችሁ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለባችሁ፤ ማስተንፈሻችሁ ተደፍኗል።

ጥገናው ራሱ ከምርመራው ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው። በእኔ ካሴት ላይ ማስተንፈሻው በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ተብሎ ሲነሣ የሚወጣ ሲሆን፣ በውስጡ ትንሽ ፒስተን፣ ሞላና ኦሪንግ የሚባል የጎማ ቀለበት አሉት። ፒስተኑ የሚያርፍበት ቦታ በሙሉ ቢጫ ቅርፊት ለብሶ ስለነበር ኦሪንጉ አንድ ወገኑ ብቻ ነበር የሚገጥመው። ይህ ቅርፊት ከሽንት ውስጥ ካሉ ማዕድናትና በውሃው ውስጥ ካለው ካልክ (ኖራ) የሚሠራ ስለሆነ በሳሙና አይለቅም። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 100 ግራም የሲትሪክ አሲድ ዱቄት አሟሙቼ ዕቃዎቹን ዘፈዘፍኳቸውና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳኋቸው። ውሃው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሲትሪክ አሲድ ከካልክ ጋር ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገናኝ የማይሟሟ ሌላ ዝቃጭ ስለሚሠራ፣ ሊያጸዳ የገባው ነገር ራሱ ቆሻሻ ይሆናል።

አሮጌው ኦሪንግ ጠፍጥፎ ስለቀረ አዲስ ገዛሁ። እዚህ ላይ ምክሬ ጥብቅ ነው፦ የሞዴሉን ስም ከካሴቱ ላይ አንብባችሁ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ዕቃ ፈልጉ። የአንዱ ሞዴል ጎሚኒ ለሌላው አይሆንም፤ ለምሳሌ የቴትፎርድ ሲ200 የመዝጊያ ጎሚኒ ለሲ250 አይገጥምም። በዓይን ሲታዩ ተመሳሳይ ቢመስሉም በአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንደገና ያፈስሳሉ። ዕቃውን መልሼ ከገጠምኩ በኋላ የማጋደሉን ሙከራ በቀይ ውሃ ደገምኩት፤ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ስለ ቅባት ያለኝን አቋም ሳልናገር አላልፍም። ቫዝሊን የሚመክሩ ሰዎች ጎሚኒያቸውን ራሳቸው እያበላሹ ነው። ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ብዙ ዓይነት ጎማ ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ መጀመሪያ የገጠመ ይመስላል፣ በኋላ ግን ይጨማደድና መዝጊያው ሲንሸራተት ይቀደዳል። እኔ የምጠቀመው አሲድ የሌለበት የሲሊኮን ስፕሬይ ነው፤ በጨርቅ ላይ ነፍቼ ከንፈሩን በስሱ አብሰዋለሁ። ክፍተቱን በሲሊኮን ማሸጊያ ድፈነው የሚሉም አሉ፤ የሚንቀሳቀስን ዕቃ በማጣበቂያ መድፈን ለሚቀጥለው ጥገና ዕዳ መተው ስለሆነ እኔ አልስማማበትም።

በረኪና ደግሞ ጨርሶ ከመጸዳጃው አጠገብ አይድረስ። ጎማውን ያደርቃል፤ ከዚህም የከፋው ከአሲድ ማጽጃ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ፣ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሌላ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ማውጣቱ ነው፤ የካምፐር መታጠቢያ ክፍል ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለሽታ የሚጨመረውን ፈሳሽ በተመለከተ፣ ባክቴሪያን የሚገድሉት ዓይነቶች በትናንሽ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎችም ስለሚጎዱ፣ በጀርመን ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአካባቢ ተስማሚ ለሆኑ ምርቶች የሚሰጠውን የብላወር ኤንገል ምልክት የያዘ እመርጣለሁ። ሶግ በሚባለው የአየር ማራገቢያ ካሴቱን በቱቦ ከውጭ አየር ጋር አገናኝተው ከኬሚካል የተገላገሉ ወዳጆች አሉኝ፤ የግፊቱንም ችግር እንደሚያቃልልላቸው እገምታለሁ። ነገር ግን የሚላጋው ፈሳሽ ቱቦው ውስጥ ሲገባ ማን ያጸዳዋል የሚለው ጥያቄዬ እስካሁን ስላልተመለሰልኝ አልገዛሁትም።

ይህን ሁሉ ስመክር ራሴ ሁሉንም እፈጽማለሁ ማለት አይደለም። ቶሎ የሚሟሟውን ውድ የካምፕ ወረቀት አልገዛም፤ ተራውን ወረቀት በማሰሮ ውሃ ውስጥ በጥብጬ ከተበተነ ይበቃኛል እላለሁ። ካምፐሩ ለክረምት ሲቆም ከንፈሩ ከመዝጊያው ጋር እንዳይጣበቅ መዝጊያውን ከፍቶ፣ የመድፊያውንም ክዳን አላልቶ መተው ይገባል፤ እኔ ግን ሽታ ይገባል በሚል ስጋት ዘግቼ ነው የምተወው፤ በጸደይ ሲጣበቅ በሲሊኮን አላቅቀዋለሁ። ባለቤቴ ይህን አንቀጽ ካነበበች በኋላ ልማዴ መቀጠሉን እጠራጠራለሁ።

አሁን የቀረኝ የመሙላት ምልክቱ ነው። ካሴቱ ባዶ ሆኖ እንኳ መብራቱ አንዳንዴ ይበራል፤ ተንሳፋፊው ያው ቢጫ ቅርፊት ይዞት ከፍ ብሎ ቀርቶ ይመስለኛል። የሲትሪክ አሲዱን ውሃ ካሴቱ ውስጥ ሞልቼ አንድ ሌሊት አሳድሬዋለሁ፤ ትንሽ ተሻሻለ እንጂ አልዳነም። በጉሮሮው በኩል እጅ አስገብቶ ተንሳፋፊውን ሳይሰብር ያወጣ ሰው ካለ፣ በየትኛው ሞዴል ላይ እንደሆነና መያዣውን ወደ የት እንደገፋው ቢጽፍልኝ ቀጣዩን ሥራ በዚያው እጀምራለሁ።