ውድነት እጥረት ሲሆን፦ «ደርዝ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል

እንግሊዝኛ ለእጥረት ካሉት ቃላት መካከል አብልጦ የሚስበኝ «ደርዝ» ነው። ዛሬ የማንኛውንም ነገር ማነስ፣ የማስረጃም ይሁን የባለሙያ፣ ለመግለጽ ይነገራል እንጂ መነሻው እጥረት አልነበረም። ቃሉ የተሠራው «ዲር» ከሚለው ጥንታዊ ቃል፣ ሙቀት ማለት በሆነው «ዋርምዝ» መጨረሻ ላይ የሚሰማው ቅጥያ ተጨምሮበት ስለሆነ፣ ሲፈታ «ውድነት» ማለት ነው። «ዲር» ደግሞ እንደ እኛው «ውድ» ሁሉ የተወደደን ሰውም ዋጋው የናረን ዕቃም ይገልጻል።

ትርጉሙን ወደ እጥረት የገፋው ገበያው ነው። አዝመራ ሲከፋ ድሃው ችግሩን አስቀድሞ የሚያየው በእህል ዋጋ ስለነበር፣ የዋጋው ስም ቀስ በቀስ የረሃቡ ስም ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1594 እስከ 1597 በእንግሊዝ አዝመራው በተከታታይ በተበላሸ ጊዜ፣ የንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ መንግሥት ስለ እህል «ደርዝ» ባወጣው መመሪያ የየአውራጃው ዳኞች በየጎተራው ያለውን እህል እንዲመዘግቡ፣ ባለቤቶቹም ከፍጆታቸው የተረፈውን ወደ ገበያ እንዲያወጡ አዝዞ ነበር፤ ይህም ቃሉ ያኔም ከዋጋ ጋር ያለውን ዝምድና እንዳልረሳ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

እህል በገበያ ተደርድሮ ሳለ እንኳ ሰው ሊራብ እንደሚችል የሚያስረዳው ይህ የቀድሞ ትርጉም በመሆኑ፣ ቃሉ «እጥረት» ተብሎ ብቻ ሲታለፍ ያሳዝነኛል።