ሰሌዳው እስኪነጣ፦ ስለ ምሕረት ምስክርነት

ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ምስክር ጥሩ ብንባል ቀድሞ የሚመጣልን ሽፍታ ነው። ሙሴ ጸሊም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የአንድ ሹም አገልጋይ ነበር፤ በስርቆቱና በክፋቱ ተባረረና የወንበዴ አለቃ ሆነ። ትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ አካሉ ግዙፍ። አንድ ሌሊት ለክፋት ወጥቶ ሳለ አንድ እረኛ ከነውሾቹ አሰናከለው፤ ቂም ያዘበት። እረኛው ከዓባይ ማዶ መሆኑን ሲሰማ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ልብሱን ራሱ ላይ አስሮ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አመለጠው። ሙሴ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ አራት ምርጥ በጎች አርዶ፣ በገመድ አያይዞ እየጎተተ ዋኘ። ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን ሸጦ ወይን ጠጣበት።

ቤተ ክርስቲያን ይህን አልደበቀችውም። ሰኔ 24 ቀን ስታስበው ከነሽፍትነት ታሪኩ ነው።

ሽፍትነቱን ትቶ በግብፅ የመነኮሳት መኖሪያ ወደነበረው ወደ አስቄጥስ በረሃ ሲመጣ አባ ኤስድሮስ ተቀብለው ለታላቁ አባ መቃርስ አቀረቡት። ሙሴ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ኃጢአቱን ሲናዘዝ አባ መቃርስ ያዩት በትውፊት እንዲህ ተነግሯል፦ መልአክ ጽሑፍ የሞላበት ጥቁር ሰሌዳ ይዟል፤ ሙሴ አንዱን በደል በተናገረ ቁጥር መልአኩ ያንኑ ይደመስሳል። ኑዛዜው ሲያልቅ ሰሌዳው ነጭ ሆኖ ነበር።

ልብ በሉ፣ የሚደመሰሰው አንድ በአንድ ሲነገር ነው። «አባ፣ እኔ ያልሠራሁት ኃጢአት የለም» ብሎ አንገት መድፋት ትሕትና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዋናውን መሸሸጊያ ነው። ለንስሐ የሚዘጋጅ ሰው አንድ ሁለት ቀን ጸጥ ብሎ ይቀመጥ፤ መዝሙር 50ን እየደገመ በዐሥርቱ ትእዛዛት ራሱን ይመርምር። የሚረሳ ከሆነ በወረቀት ይጻፍ፤ ከኑዛዜ በኋላ ወረቀቱን ያቃጥለዋል። ካህኑ ፊት ሲቀርብ «ገንዘብ ወስጃለሁ» ማለት አይበቃውም፤ ከማን? ስንት? ስንት ጊዜ? ተመልሷል ወይስ እጁ ላይ ነው? የዝሙት ኃጢአት ሲሆን ግን ዓይነቱንና ድግግሞሹን፣ ትዳር ያለበት መሆን አለመሆኑን ከተናገረ ይበቃል፤ ዝርዝሩን መተረክ ፈተናውን መልሶ ይቀሰቅሳል። የባልን ግልፍተኝነት፣ የአማትን ነገረኛነት የሚዘረዝር ደግሞ የራሱን ሳይሆን የሰው ኃጢአት ተናዝዞ ይመለሳል፤ ይህ ከምናስበው በላይ የተለመደ ነው።

የሰው ገንዘብ ካለ መመለስ የንስሐው አካል ነው። ኦሪት ዘኁልቁ 5 ላይ የበደለ ሰው ተናዝዞ ዋናውን ከነአምስተኛው እንዲመልስ ታዟል፤ በዚህ ስሌት የ10,000 ብር ዕዳ 12,000 ይሆናል። ባለገንዘቡ ሞቶ ቅርብ ዘመድም ከሌለው ለእግዚአብሔር ቤት ይገባል። በወንጌል ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳያስገድደው ነው።

ከዚያ ቀኖና ይሰጣል፦ ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት። ካህኑ የሚያየው የኃጢአቱን ክብደት ብቻ ሳይሆን የሰውየውንም አቅም ነው። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው ኩራት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው «ይብዛብኝ» ብሎ በቀን 100 ስግደት ይቀበልና በሦስተኛው ቀን ያቆማል። ያፍራል። ከዚያ የንስሐ አባቱን መሸሽ፣ ስልክ አለማንሣት ይመጣል፤ ዓመት ያልፋል። ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ለስግደት የሚሆን ጥግ፣ ለጸሎት የሚሆን ሰዓት ላይኖራት ይችላል። ይህን አስቀድማ ብትናገር አባቷ የምትችለውን ያዝዙላታል፤ ዝም ብላ ተቀብላ ባትፈጽመው ግን ያልታዘዘችውን ሸክም ስትሸከም ትኖራለች። ደግሞም በቀኖና ይቅርታ አይገዛም፤ ዋጋው በመስቀል ላይ ተከፍሏል።

ካህኑ በመስቀሉ ባርኮ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ካለ በኋላ የሚቀረው ቅዱስ ቁርባን ነው። 18 ሰዓት መጾም፣ ባለትዳሮች ለ3 ቀን መኝታ መለየት፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ከቅዳሴው መጀመሪያ መገኘት። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ደጃፍ ላይ ነው። ቀኖናውን ጨርሶ፣ ተፈትቶ፣ «ገና አልበቃሁም፣ ሳረጅ እቆርባለሁ» ይላል። እጁን ታጥቦ፣ ቀርቦለት ሳለ ከማዕዱ የሚነሣ ሰው ይመስላል። ምክንያቱን ቢጠይቁት ያ የድሮው ሐሳብ አሁንም ይመጣብኛል፣ በሕልሜ ያስቸግረኛል፣ ይቅር ብባል ኖሮ ይተወኝ ነበር የሚል ነው።

ሙሴ ጸሊም ለእንዲህ ያለው ሰው ጥሩ ምስክር ነው። ሰሌዳው ከነጣ በኋላ የድሮው የዝሙት ልማድ በሐሳብም በሕልምም ክፉኛ ተዋጋው። ለስድስት ዓመት ሌሊቱን ሙሉ በበዓቱ፣ ማለትም በምናኔ ማደሪያው፣ ቆሞ ጸለየ፤ አልለቀቀውም። ከዚያ ሌሊት ሌሊት እየወጣ፣ ሩቅ መሄድ ለማይችሉ አረጋውያን መነኮሳት እንስራቸውን ውኃ ይሞላላቸው ጀመር። ፈተናው ሲጠናበት የሚሄደው ወደዚያው ወደ አባ ኤስድሮስ ነበር። አንድ ጊዜ ሰገነት ላይ አውጥተው ወደ ምዕራብ እይ አሉት፤ አጋንንት ሲታወኩ አየ። ወደ ምሥራቅ እይ አሉት፤ ከእነዚያ የሚበዙ ቅዱሳን መላእክት ነበሩ። «አልተማርህም» አላሉትም፤ ሌላ አባት ፈልግም አላሉትም። በመጨረሻ ሕልሙ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ቆሟል፣ በድፍረት ቍረብ ብለው ወደ ቅዱስ ቁርባን ሰደዱት። ስለዚህ ዳግመኛ የወደቀ ሰው አፍሮ ወደማያውቀው ካህን አይዙር። ቁስሉን ከነመነሻው የሚያውቀው የመጀመሪያው ነው።

ጉልበቱ ግን አልጠፋም። አራት ሌቦች ማንነቱን ሳያውቁ በዓቱ ገቡበት። አራቱንም አስሮ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና መነኮሳቱን ጠየቀ፦ ማንንም መጉዳት ለእኔ አልተፈቀደም፤ እነዚህን ምን ላድርጋቸው? ሌቦቹ የተሸከማቸው ያ ስሙ የሚያስፈራው ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ በደላቸውን ተናዝዘው እነሱም መነኮሱ።