ዛሬ ጨዋታውን መሃል ላይ አቋረጥኩት

ጨዋታው እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገፀ ባሕሪ ሆኖ በምናብ የሚጫወተው ነው፤ ጌም ማስተሩ፣ ማለትም ታሪኩን የሚተርከውና የሚዳኘው፣ እኔ ነኝ። ጌም ማስተር ከሆንኩ ወዲህ እንዲህ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው።

አንዱ ተጫዋች ገፀ ባሕሪው ገደሉን ዘሎ እንዲሻገር ወሰነ። ባለ 20 ገጽ ዳይሱን ጣለ። 11 ወጣ። ለማለፍ 14 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገው ነበር፤ እኔ ግን ቀድሜ አልነገርኩትም። "ወድቀህ ሞተሃል" አልኩት። ዝም አለ። እርሳሱን ቀስ ብሎ የገፀ ባሕሪው ወረቀት ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱ ተጽፎ ከመጥፋቱ ብዛት ሳስቷል፤ ጠርዙ ላይ በእጁ የሳላት ትንሽ ውሻ አለች። ከዚያ "ይሄማ ግፍ ነው" አለ። ሌሎቹም ገቡበት።

እኔም ደሜ ፈላ። የሕግ መጽሐፉን ላነሳ እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን በሰው ፊት ረትቼው ምን ላገኝ? ዕረፍት ወጣንና ለብቻችን አወራን። የከፋው በሞቱ አልነበረም። የገደሉን ስፋት ብነግረው ኖሮ አይዘልም ነበር። የማለፍ ዕድሉ እኮ 35 በመቶ ብቻ ነው! እውነቱን ነው። ገፀ ባሕሪው ያየውን እኔ ካልነገርኩት ከየት ያመጣዋል?

ይቅርታ ጠየቅኩት። ስንመለስ ለሁሉም ተናገርኩና ዝላዩን ሰረዝነው። ከእንግዲህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ቁጥሩን ቀድሜ እናገራለሁ። በሕግ ካልተግባባን ለጊዜው እኔ እወስናለሁ፤ መጽሐፉን ከጨዋታው በኋላ አብረን እናያለን። ይህን ሁሉ ሴሽን ዜሮ ላይ፣ ማለትም ጨዋታው ሳይጀመር ለመግባባት በምንቀመጥበት ቀን፣ መነጋገር ነበረብን። ዘልዬዋለሁ፤ ቆጭቶኛል።

እርሳሱን አነሳ። "ገደሉ ምን ያህል ይሰፋል?" ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ገመድ ፈለገ።