ሻርትር ላይ ያየኋቸው ላሞች

ላሊበላ ሰባት ዓመት አስጎብኚ ሆኜ ሠርቻለሁ። በነዚያ ዓመታት አንድ መጽሐፍ ተከትሎኝ ኖሯል። የብሪታንያዊው ጸሐፊ የግርሃም ሃንኮክ «ዘ ሳይን ኤንድ ዘ ሲል» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ። ቱሪስቶቹ በቦርሳቸው ይዘውት ይመጡ ነበር። አንዲት ጀርመናዊት ወደ አገሯ ስትመለስ የራሷን ትታልኝ ሄደች። ሽፋኑ የተላጠ፣ በእርሳስ የተሰማመረ ነበር። በሦስት ሌሊት ጨረስኩት።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ታቦተ ጽዮን ኢትዮጵያ ውስጥ አለች። የቴምፕላር ፈረሰኞች፣ የመስቀል ጦርነት ዘመን የአውሮፓ ወታደር መነኮሳት፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ይህን ደርሰውበታል። ምስጢሩን ፈረንሳይ ውስጥ፣ በሻርትር ካቴድራል ድንጋይ ላይ ለሚገባው ሰው አስቀምጠውታል። ከዚያም ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ወደ አገራችን መጥተዋል፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ሥራም እጃቸው አለበት።

አመንኩት። ማመን ብቻም አይደለም፣ ለእንግዶቼ እነግረው ነበር። ቤተ ማርያም ስንገባ ጫፉ ሰፋ ሰፋ ያለውን መስቀል በባትሪ አበራና «የቴምፕላሮች መስቀል ነው» እላለሁ። ሰው ጸጥ ይላል። ካሜራ ይወጣል። የዚያን ቀን ቲፑም ደህና ነው።

አንድ ቀን ቤተ አማኑኤል ደጃፍ ይህንኑ ሳወራ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ቆመው ሰሙኝ። እንግሊዝኛ አያውቁም። እንግዶቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ ጠሩኝ።

«ምን አልካቸው ልጄ?»

ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ትንሽ ቆዩ። «ታዲያ የእኛ አባቶች ያን ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እንግዶቹን ተከትዬ ገባሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ፓሪስ ድረስ መጣ።

አሁን ፓሪስ ምግብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ዕረፍቴ ሰኞ ነው። ባለፈው ወር አንዱን ሰኞ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከሞንፓርናስ ጣቢያ ባቡር ያዝኩ። ሻርትር ከፓሪስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። አገሩ የስንዴ ሜዳ ነው። ከሜዳው መሃል ሁለት ግንቦች ብቅ ይላሉ፤ አንዱ ቀለል ያለ የ12ኛው መቶ ዘመን፣ ሌላው ብዙ ጌጥ ያለው የ16ኛው። ሁለቱ አይመሳሰሉም። እኔ ወደድኳቸው።

በቀጥታ ወደ ሰሜኑ በር ሄድኩ። ንግሥተ ሳባ እዚያ ቆማለች፣ ከሰሎሞን ጋር። ፊቷ የፈረንሳይ ሴት ፊት ነው። ከእግሯ ሥር ግን ጸጉሩ ጥቅልል ያለ አፍሪካዊ አገልጋይ ተጎንብሷል። ሃንኮክ ይህችን ሐውልት ሲያይ ነበር ልቡ የተነሣው። ሰሎሞን ካለ፣ ሳባ ካለች፣ ታቦትም ካለ ነገሩ የክብረ ነገሥት ታሪክ ነው ብሎ አሰበ።

ታቦቱ ደግሞ አለ። ቀጭን ምሰሶ ላይ ነው፤ ቀርቦ ያላየው ሰው ያልፈዋል። ሳጥን ነው፣ ጎማ ባለው ሰረገላ ላይ። በሌላው ምስል አንድ ሰው ሳጥኑ ላይ ጨርቅ ይዞ ጎንበስ ብሏል፤ ዙሪያውን ሰዎች ወድቀዋል። ከሥር የላቲን ጽሑፍ አለ። ጣቴን ሰንዝሬ ልነካው ስል አፈርኩና መለስኩት። ፎቶ አነሣሁ። ለእኅቴ በቴሌግራም ላክሁላትና «ለእማ አሳያት» አልኳት።

ማታ ደወልኩ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቤተ ክርስቲያን ግን አንድም ቀን አትቀርም።

«አየሽው እማ?»

«አየሁት እንጂ። ፍልስጥኤማውያን መልሰው የላኳት ጊዜ ነው። ላሞቹም አሉ።»

«በሬዎች መስለውኝ ነበር።»

«ምን በሬ አመጣህ! የሚያጠቡ ላሞች ናቸው። ያኛው ደግሞ የቤትሳሚስ ሰዎች ናቸው። ደፍረው አይተው ተቀሠፉ።»

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ፣ ምዕራፍ 6። ፍልስጥኤማውያን ታቦቷን ማርከው ዳጎን ቤት አስገቧት፤ ዳጎን በግንባሩ ተደፋ። ከሰባት ወር በኋላ መቅሠፍቱ ሲበዛባቸው በአዲስ ሰረገላ ጭነው ሰደዷት። ዳጎን የወደቀበትን ታሪክ እኛ ኅዳር 21 በኅዳር ጽዮን በየዓመቱ እንሰማዋለን። እኔም ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ። ድንጋዩ ላይ ሳየው ግን የመጽሐፉን ኮድ ስፈልግ አላወቅሁትም።

ሃንኮክ የላቲኑን ጽሑፍ «ታቦቱ እዚህ ተሸሽጓል» ወደሚል ነው ያመጣው። የአንዱ ቃል ፊደል የተበላሸ ስለሆነ አንዱ አንባቢ «አሚኪቱር» ይለዋል፣ ሌላው «አሚቲቱር»። የመጀመሪያው መሸፈን ነው፣ ሁለተኛው መሰደድ፣ መለቀቅ። በአንድ ፊደል ትርጉም ሲገለበጥ ግዕዝ የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ሲሆን ሰው ሥዕሉን ያያል። ሥዕሉ ላይ ያለው ደግሞ ሰረገላ ነው፣ እየሄደ ነው። ሳባንም የሻርትር ቀራጮች ያቆሟት በወንጌል ስላለች ነው፤ በማቴዎስ 12 «ንግሥተ ዓዜብ» ተብላ የምትነሣው እርሷ ናት። ለእነርሱ ከአሕዛብ ወደ ክርስቶስ የምትመጣ የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ ነበረች።

ሃንኮክ ሁሉንም ተሳስቷል አልልም። በ1200 አካባቢ በግብፅ በዐረብኛ የተጻፈ መጽሐፍ ታቦቱ በሐበሾች ዘንድ እንዳለ ይናገራል፤ ይህንን እርሱም ጠቅሶታል፣ እውነት ነው። አክሱምንም ሆነ ጣና ቂርቆስን ብዙ ፈረንጅ ያወቀው በእርሱ በኩል ነው። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

የቴምፕላሮቹ ነገር ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1119 አካባቢ ነው። መስቀል በአክሱም ሳንቲም ላይ የተቀረጸው በንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ዘመን ነው። ጫፉ የሚሰፋውን መስቀልም ቢሆን ቅብጦቹም የቁስጥንጥንያ ሰዎችም ቀድመው ሠርተውበታል። እኔ በባትሪ እያበራሁ የፈረሰኛ ስም የሰጠሁት መስቀል ይህ ነበር።

ቤተ አማኑኤልን ያየ ሰው ግድግዳውን ያስታውሰዋል። ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ እያለ በአግድም ይሄዳል። ድንጋይ ሆኖ ሳለ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተገነባ ቤት ይመስላል። ያንን እውነተኛውን የእንጨት ቤት ለማየት ከላሊበላ ወደ ሰሜን ይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻ መሄድ ነው፤ እንጨቱና ነጩ ግድግዳ ተደራርቦ አለ። ከዚያ ደብረ ዳሞ። ከዚያ የአክሱም ሐውልት፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ «የዝንጀሮ ራስ» የምንለው ከግድግዳ ወጣ ያለ የአግዳሚ እንጨት ጫፍ ሁሉ በድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ የግንበኛ እጅ ነው። ልጅ ሆነን ግድግዳው ላይ ያለውን የመሮ ጭረት በጣታችን እየተከተልን እንጫወት ነበር። ለእኚያ ቄስ ያን ቀን ማሳየት የነበረብኝ ያንን ጭረት ነበር። አሁን በሕይወት የሉም።

ሻርትር ቆሜ ሌላም ነገር ገባኝ። ፈረንሳዮቹም ይህ ደርሶባቸዋል። ሉዊ ሻርፓንቲዬ የሚባል የአገራቸው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው መጽሐፍ፣ ካቴድራሉ የቆመው ቴምፕላሮቹ ከኢየሩሳሌም ባመጡት ምስጢር ነው ብሏል። ካቴድራሉ ግን በ1194 ተቃጥሎ ነው እንደገና የተሠራው። ጎቲክ የሚባለውን ይህን አሠራር ግንበኞች ከዚያ በፊት በፓሪስ አጠገብ በሳን ዴኒ ቤተ ክርስቲያን ላይ ጀምረውት ነበር። ወደ ውስጥ ገብቼ መስኮቶቹን አየሁ። ከታች በኩል ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ በየሥራው ላይ ሆኖ ተሥሏል። የአንዱን ዳቦ ጋጋሪ እጅ ብዙ ደቂቃ ቆሜ አየሁት። እኔም ጠዋት ጠዋት ሊጥ ነው የማቦካው።

ትናንት እኅቴ ከእናቴ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እማ ፎቶውን ደጋግማ አይታዋለች። ላሞቹ ጥጆቻቸው ቤት ተዘግቶባቸው እምቧ እያሉ መንገድ ለመንገድ መሄዳቸውን መጀመሪያ ሲነበብ የሰማች ጊዜ እንዳለቀሰች ነገረችኝ። ያኔ እኛም ቤት አንዲት የምትታለብ ላም ነበረችን።

«ጥጆቹንስ ቀርጸዋቸዋል?» አለች መጨረሻ ላይ። «ፎቶው ላይ አጣኋቸው። ደህና አድርገህ እይልኝ።»

አላየሁም ነበር። ሰኞ ተመልሼ እሄዳለሁ።