ደሴ ላይ ጂ ስንት ነው?

የላብ ሪፖርት ሳርም አንድ ቁጥር ሁሌ ይገጥመኛል፦ 9.81። ይህ የጂ ቁጥር ነው፣ በስበት የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ ስንት ሜትር በሰከንድ እንደሚጨምር የሚናገረው። ተማሪዎቹ ፔንዱለም፣ ማለትም ክር ላይ የተንጠለጠለ ኳስ፣ አወዛውዘው፣ ሰዓት ይዘው፣ አስልተው ያገኙት ነው ይላሉ። ቁጥሩ ግን የመጽሐፉ ነው። ደሴ ላይ ጂ 9.81 አይደለም።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን፣ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ። ሁለቱም ጂን ይቀንሱታል። ሲሰላ 9.78 አካባቢ ይመጣል። ልዩነቱ 0.03 ብቻ ናት። አንድ የዲግሪ ተማሪ ምርምር ምን እንደሆነ እንዲገባው ከተፈለገ ግን ከዚህች 0.03 የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

እስቲ እንፈልጋት። አንድ ሜትር ክር እንውሰድ። ርዝመቱን በ1 ሴንቲ ሜትር ብንስት ጂ በ0.1 ይዛባል። ይህ ከምንፈልገው ልዩነት ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ክሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መለካት አያዋጣም። ኳሱ ሲንጠለጠል ክሩ ይለጠጣልና ተንጠልጥሎ ይለካ፣ ከማሰሪያው እስከ ኳሱ መሐል፣ በሚሊ ሜትር። ጊዜውም እንደዚያው ነው። አንድ ሙሉ ውዝዋዜ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ጣታችን ሰዓቱን ሲጫን 0.2 ሰከንድ ቢዘገይ አንዱን ውዝዋዜ ብቻ መለካት ከንቱ ነው። 100 ውዝዋዜ ቆጥሮ ማካፈል ግን ያችን መዘግየት ለአንድ ውዝዋዜ ወደ 0.002 ሰከንድ ያወርዳታል።

ከሁሉም የምወደው የማዕዘኑን ጉዳይ ነው። ኳሱን 10 ዲግሪ ያህል ስቦ የለቀቀ ተማሪ፣ ለትናንሽ ማዕዘኖች ብቻ የሚሠራውን የተለመደውን ቀመር ከተጠቀመ፣ ጂ በ0.04 ገደማ አንሶ ይመጣለታል። «በቃ የደሴን አገኘሁ!» ብሎ ይደሰታል። ያገኘው ግን የደሴን ከፍታ አይደለም፣ የራሱን እጅ ነው። ከ5 ዲግሪ በታች አድርጎ ቢደግመው ይለያል። ልክ የሚመስል መልስ በተሳሳተ ምክንያት ሊመጣ እንደሚችል አንዴ በእጁ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያነበውን ጽሑፍ ሁሉ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

እኔ ስማር ማርክ የሚሰጠው ለመጽሐፉ በቀረብን ልክ ነበር። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል። ልጆቹ ቁጥር ማባበል የሚለምዱት ዋሾ ስለሆኑ አይደለም፣ የምንሸልመው እሱን ስለሆነ ነው። አሁን እኔ ሳርም መጀመሪያ የማየው የስህተት መጠኑን ነው። 9.7 ሲደመር ሲቀነስ 0.1 ብሎ ምክንያቱን የጻፈ ልጅ ከባዶ 9.81 በላይ ያገኛል።

በ1672 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነችው ካየን ሄደ። ፓሪስ ላይ በትክክል ይሠራ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረ። ሰዓቱ ተበላሽቷል ብሎ አላለፈውም፣ መዘገበው። በኋላ ኒውተን ምድር ወገቧ ላይ እንደምታብጥ ሲከራከር ይህንኑ ልኬት ጠቀሰ። ታናናሾቼ፣ ቁጥራችሁ ከመጽሐፉ ሲለይ አብሽሩ፣ ማጥፊያውን አስቀምጡትና መጀመሪያ ለምን እንደተለየ ጠይቁ።

የምርምር ጽሑፍ ማንበቡን በአጭሩ ልበለው። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው አርካይቭ (arXiv)፣ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን የሚለጥፉበት ድረ ገጽ፣ በነፃ ነው። ኔትወርክ ደህና ሲሆን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ማጠቃለያውንና ግራፎቹን አስቀድሙ፣ ሒሳቡ ይደርሳል። አማካሪያችሁ ጋ ስትሄዱ ደግሞ አንድ ግራፍ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጥፎም ቢሆን።

ባለፈው አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መጣች። «ቲቸር፣ የደሴና የኮምቦልቻ ጂ ልዩነት በክር ይታያል?» አለችኝ። ኮምቦልቻ ከእኛ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እኔ መልስ ሳልሰጥ እሷ ወረቀት አውጥታ አሰላችው፦ ቢበዛ 0.002። «አይታይም» አለች ራሷ። ክር ሳትገዛ፣ ሚኒባስ ሳትሳፈር። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ከዚያ ጥያቄውን ቀየረችው። የጓደኛዋ ስልክ የአየር ግፊት ይለካል። ፋይፎክስ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫነችበትና ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በመኪና እየወረደች መዘገበች። ግፊቱ ከ750 ሄክቶፓስካል አካባቢ ተነስቶ ወደ 810 ወጣ፣ ከፍታው ሲሰላ እንደሚጠበቀው። ግራፉ ላይ ግን በየመካከሉ ትናንሽ ጥርሶች አሉ። እሷ ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍትና ሲዘጋ ነው ትላለች። እኔ የስልኩ መለኪያ ነው እላለሁ። አልተስማማንም። በሚቀጥለው ጉዞ መስኮት የሚከፈትበትን ሰዓት ልትጽፍ ነው።