የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከመጠየቃችሁ በፊት

አዲስ አሳታሚ ለዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ለአይኤስቢኤን ሲያመለክት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው በእጁ ስላለው አንድ ረቂቅ ብቻ ነው። ቁጥሩ ግን ከመጽሐፉ ሌላ አሳታሚውንም የሚለይ ስለሆነ፣ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት በሚቀጥሉት ዓመታት ምን ያህል ኅትመት ሊወጣ እንደሚችል መገመት ያስፈልጋል።

ከእ.ኤ.አ. 2007 መጀመሪያ አንሥቶ ቁጥሩ 13 አኃዞች አሉት። በ978 ወይም በ979 ይጀምራል፤ ቀጥሎ አገርን ወይም የቋንቋ አካባቢን የሚያመለክት፣ ከዚያ አሳታሚውን፣ ከዚያም ኅትመቱን የሚለይ ክፍል ይመጣል፤ የመጨረሻው የማረጋገጫ አኃዝ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ ስለማይለወጥ የአሳታሚው ክፍል ባጠረ ቁጥር ለኅትመቶቹ የሚተርፈው ይበዛል፤ አንድ አኃዝ የቀረለት 10 ቁጥሮች፣ ሁለት የቀረለት 100፣ ሦስት የቀረለት 1,000 ያገኛል።

ግምቱን የሚያዛባው አርእስትን ብቻ መቁጠር ነው። አንድ ድርሰት በጠንካራ ሽፋን፣ በለስላሳ ሽፋን፣ በኢፐብ (በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ) ፋይልና በድምፅ ቢወጣ 4 ቁጥሮች ይወስዳል፤ እንግዲህ 10 ቁጥር የተሰጠው አሳታሚ ሦስተኛው መጽሐፉ ላይ ሳለ ያልቅበታል። ይዘቱ ሳይነካ በድጋሚ ለሚታተም መጽሐፍ ወይም ዋጋው ብቻ ለተቀየረ አዲስ ቁጥር አያስፈልግም። ይዘቱ በጉልህ የተሻሻለ እትም ግን ያስፈልገዋል፤ አንድ ጊዜ ለአንድ መጽሐፍ የዋለ ቁጥርም፣ መጽሐፉ ከገበያ ቢጠፋ እንኳ፣ ለሌላ አይሰጥም።

ቁጥሩ የሚጠየቀው አሳታሚው በሚሠራበት አገር ካለው የአይኤስቢኤን ኤጀንሲ ነው፤ በአንዳንድ አገሮች በነጻ፣ በሌሎች በክፍያ ይሰጣል። ወጪውን ራሱ ችሎ መጽሐፉን ለገበያ የሚያወጣ ደራሲ አሳታሚው እርሱ እንጂ ማተሚያ ቤቱ ስላልሆነ፣ ማመልከት ያለበት በራሱ ስም ነው። ከሌላ ሰው ላይ ነጠላ ቁጥር መግዛትን እኔ አልመክርም፤ በመዝገቡ ላይ አሳታሚ ተብሎ የሚታየው ቁጥሩ የተሰጠው ሰው ነውና። (ቁጥሩ የቅጂ መብትን አያስገኝም፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ቁጥሩ በቅጂ መብት ገጽና በጀርባ ሽፋን ባርኮድ ላይ ይሰፍራል። ወደ ኅትመት ከመሄዱ በፊት በእጅ ማጣራት ይቻላል፦ የመጀመሪያዎቹን 12 አኃዞች በተራ በ1 እና በ3 አባዝቶ መደመር ነው። ለምሳሌ የ978-0-306-40615-7 ድምር 93 ይሆናል፤ ያለ ቀሪ ለ10 ወደሚካፈለው ቀጣይ ቁጥር፣ ማለትም ወደ 100 ለመድረስ የሚጎድለው 7 ነው፤ የማረጋገጫ አኃዙም 7 ነው። ይህ ስሌት አንድ አኃዝ በስሕተት ቢጻፍ ወዲያውኑ ያሳያል፤ የለስላሳ ሽፋኑ ቁጥር በጠንካራው ላይ ቢታተም ግን አያሳይም፤ ለዚህ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ቅርጽ እንደተመደበ የሚያሳይ መዝገብ ከሽፋኑ ናሙና ጋር ማስተያየት ግድ ይላል።